ዙቢያን የማንን ሊብሬ ይዛ ወጣች?

የመክፈቻው ጽሑፍ የእኔ ነበር። እንዲህ ይላል፦

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ሰሞኑን አንድ ዘመዴ መኪናውን ሊሸጥ ሲል ጣጣ ገጠመው። መኪናው የፊቱ ከአንድ፣ የኋላው ከሌላ የተጋጨ መኪና ተቆርጦ የተገጠመ ኖሯል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገናኝ አለ። በዚያው ሰሞን ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳነብ ይኸው ነገር በባሕር ላይ ተሠርቶ አገኘሁት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በልዩ ልዩ ሕዝቦች ስም የሰየማቸው 12 ዲስትሮየሮች ነበሩት፤ አፍሪዲ፣ ኮሳክ፣ ሞሃውክ፣ ማኦሪ፣ ቫይኪንግ እያለ ይቀጥላል። ከእነዚህ ውስጥ ኑቢያንና ዙሉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 27 ቀን 1916 ሌሊት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው በዶቨር ወሽመጥ ተመትተው አንዷ አፍንጫዋን፣ ሌላዋ ጅራቷን አጣች። በእንግሊዝ አገር የቻተም ባሕር ኃይል ጣቢያ መርከብ ጠጋኞች የቀረውን ከቀረው ጋር በየዱትና በሰኔ 1917 ዙቢያን የተባለች መርከብ ባሕር ወረደች። በየካቲት 1918 ደግሞ ዩሲ 50 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አሰጠመች። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህች መርከብ አዲስ ናት ወይስ ከሁለቱ አንዷ? ለመርከብ ሊብሬ ቢኖረው ኖሮ የማን ስም ይጻፍበት ነበር?

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ 21 ምላሾች መጡ። አንዳንዶቹ አስተማሩኝ፤ አንዱ አዋረደኝ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ስለ መርከብ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተጣልተው ሄዱ።

1ኛው ምላሽ ትሑት ነበር። አመሰገነኝና ዲስትሮየር ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጦርነት በመጣ ቁጥር በዜና ይሰማዋል እንጂ ትልቅ ይሁን ትንሽ መርከብ እንደማያውቅ አልሸሸገም። እኔ ገና ሳልነቃ ሌላ ሰው ቀደመኝ።

2ኛው ምላሽ ኒውካስል ከሚኖር አባል የመጣ ነው። ለጠያቂው በአጭሩ መለሰለት፦ ዲስትሮየር ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ተኳሽ ጀልባዎችን እንዲያሳድድ የተሠራ ፈጣንና ቀጭን መርከብ ነው፤ ዙሉና ኑቢያን ርዝመታቸው 85 ሜትር ያህል ሆኖ ወርዳቸው ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በጨዋ አንደበት፣ ግን አንድም ሳያስቀር፣ ሁለት ስህተቴን አወጣ። አንደኛ፣ ሁለቱ መርከቦች በአንድ ሌሊት አልተመቱም። ኑቢያን በዚያ ሌሊት በቶርፔዶ ተመታች፤ ዙሉ ግን የባሕር ፈንጂ የረገጠችው ከ12 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 8 ቀን ነው፤ ሞተር ክፍሏ ሥር ፈንድቶ ኋላዋ ሲሄድ የተረፈው ወደ ፈረንሳዩ ወደብ ወደ ካሌ ተጎተተ። ብዙ ጽሑፎች ሁለቱን አደጋዎች አንድ ላይ ስለሚጨፈልቁ ስህተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ በመጨመር ክብሬን ጠበቀልኝ። ሁለተኛ፣ ተበየዱ ማለቴ ልክ አይደለም። በዚያ ዘመን የጦር መርከብ አካል የሚያያዘው በሪቬት ነው፦ ብረቱ ይበሳል፣ የጋለ ሪቬት ይገባበታል፣ ጫፉ እስኪደፈጠጥ ይቀጠቀጣል። በመጨረሻ የትኛዋ የትኛውን እንዳጣች በግልጽ አለመጻፌን ታዝቦ እሱ ጻፈው፤ ፊቷ የዙሉ ነው፣ መካከሏና ኋላዋ የኑቢያን።

በ3ኛው ምላሽ ስህተቴን ተቀበልኩ። ስሙን ያወጣው ሰው ለእንደኔ ዓይነቱ ረሺ አስቦ እንደነበር ግን ጨመርኩ፤ ዙ ከፊት፣ ቢያን ከኋላ፤ ስሙ ራሱ እንደ መርከቧ ተቆርጦ የተገጠመ ነው።

4ኛውን ምላሽ የጻፈው ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ክሩ ሕይወት የዘራው እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። የሁለቱ መርከቦች ወርድ 3.5 ኢንች፣ ማለትም 9 ሴንቲሜትር ገደማ እንደሚለያይ አንብቦ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሁለት መኪና ሲያገጣጥም መጀመሪያ የሚያደርገውን በዝርዝር ነገረን። መኪናውን አራት ካቫሌቶ ላይ ያሳርፋል፤ ከፊት እስከ ኋላ በግራም በቀኝም ሲባጎ ይወጥራል፤ ቀጥሎ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ በማዕዘን ይለካል። ሁለቱ የማዕዘን ልኮች በጣት ስፋት ከተለያዩ ያ መኪና ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ይበላል። በእሱ ሚዛን የ9 ሴንቲሜትር የወርድ ልዩነት ራሱ አያስፈራም፤ ለሁለት ቢካፈል በያንዳንዱ ጎን 4.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ላሜራውን ቀስ በቀስ እያጠበቡ ማምጣት ይቻላል። የሚያስፈራው ከሞተር የሚወጣው ዘንግ መስመር መሳቱ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከየትኛው ክፍል ጋር እንደቀረ ጠየቀ።

የኒውካስሉ ሰው በ5ኛው ምላሽ ተመለሰ፤ የእሱ ጽሑፍ ከሁሉ ረጅሙ ነው። የጋራዡ ባለቤት ቁልፉን እንደነካው መሰከረለት፦ በእንፋሎት የሚዞሩት ሞተሮች፣ ማለትም ተርባይኖቹ፣ እና ከእነሱ የሚወጡት ሦስት ዘንጎች በኑቢያን ክፍል ውስጥ ስለነበሩ የተቆረጠው ቦታ የማሽኑን መስመር አልነካም። ዙሉ ያዋጣችው ፊቷን ብቻ ነው። ቀጥሎ የ9 ሴንቲሜትሩን ምንጭ አስረዳ። እኅትማማች የተባሉት 12 መርከቦች ከአንድ ንድፍ አልተሠሩም። ባሕር ኃይሉን ይመራ የነበረው አድሚራል ፊሸር በድንጋይ ከሰል ፋንታ ዘይት የሚያነድድና 33 ኖት (በሰዓት 33 የባሕር ማይል) የሚሮጥ መርከብ ፈለገ። የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት መስፈርቱን አወጣ፤ ንድፉን ግን ለየመርከብ ሠሪው ተወለት። ኑቢያን በደቡብ፣ ሳውዝሃምፕተን አጠገብ በቶርኒክሮፍት ተሠራች፤ ዙሉ በሰሜን፣ በታይን ወንዝ ዳር ሄበርን ላይ በሆውቶርን ሌስሊ። ሁለቱም ባሕር የወረዱት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ስለዚህም አንዷ እኅታቸው ሦስት ጭስ ማውጫ ሲኖራት ቫይኪንግ ስድስት ተተክሎባት እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሰፈር ትጨስ ነበር (ምሳሌው የእሱ ነው)። ፍጥነቱ ተገኝቷል። ታርታር የተባለችው በሙከራ ጉዞዋ 35 ኖት አልፋለች። ዋጋው ግን ነዳጅ ነው። አፍሪዲና አማዞን በአንድ ወቅት 3 ማይል ያህል ለሆነ የደርሶ መልስ ጉዞ እያንዳንዳቸው 9.5 ቶን ዘይት አቃጠሉ፤ የሄዱትም ወደ ነዳጅ ማከማቻ ነበር። ሩቅ መሄድ የማይችሉ መርከቦች ስለሆኑ ጦርነቱ ሲመጣ ጠባቡ የዶቨር ወሽመጥ ተስማሚ ማደሪያ ሆነላቸው።

6ኛው ምላሽ አንድ መስመር ነው። ማደያ ተሰልፎ ሲደርሰው ሲሰለፍ ያቃጠለውን ብቻ እንደሚቀዳ ገልጾ፣ ለአፍሪዲና ለአማዞን ካፒቴኖች ከልብ እንደሚያዝን ጻፈ። ከሁሉ ብዙ ድጋፍ ያገኘው እሱ ነው።

7ኛዋ ለንደን የምትኖር እኅት ናት። ልጆቿን ይዛ ቻተምን እንደጎበኘች አወጋችን። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1984 ለቅቆ ከወጣ ወዲህ ቦታው ሙዚየም ሆኗል፤ ዙቢያን ራሷ ግን በ1919 ለቁራጭ ብረት ስለተሸጠች የሚታይ ነገር የላትም። በምትኩ ደረቅ ግድብ ውስጥ ቆማ ያገኘቻት ካቫሊየር የምትባለውን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ የተሠራችውን ዲስትሮየር ነው። አስጎብኚው ወደ መርከቧ ጎን ወስዶ እጃቸውን እንዲያሳርፉ ጋበዛቸው። ከፊት በኩል ብረቱ ልሙጥ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ወደ መካከል ሲራመዱ ግን የሪቬት አናቶች እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይን ተደርድረው መዳፍ ይኮረኩራሉ። በካቫሊየር ዘመን ብየዳ ገና እየተሞከረ ስለነበር ፊትና ኋላዋ ተበይዶ፣ ከባዱን ጫና የሚሸከመው ወገቧ በሪቬት እንዲቀር ተደርጓል። ትንሹ ልጇ እስከ መጨረሻው እየቆጠረ ሄዶ ከ200 በኋላ ጠፋበት። በዚህ ላይ ተመርኩዛ የኒውካስሉን ሰው እርማት ደገፈች፤ በ1944 እንኳ ወገብ ላይ ብየዳ ካልታመነ በ1917 ማን ይደፍራል?

8ኛው ምላሽ ፍልስፍና ነው። የጥንት ግሪኮች ሳንቃዋ አንድ በአንድ ስለተተካ መርከብ ይከራከሩ እንደነበር አስታውሶ፣ ማንነት በቁስ ሳይሆን በቅርጽ እንደሚቀጥል በሦስት አንቀጽ አብራራ። 9ኛው የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ትሕትናው እዚህ ላይ ሳሳ። መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ማንነት በቅርጽ ይቀጥላል ብሎ የሻንሲ ቁጥር ያስቀየረ ሰው ካለ አድራሻውን እንዲሰጡት ጠየቀ። ደግሞም የግሪኮቹ መርከብ ሳንቃዋ የተተካው ቀስ በቀስ ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ሬሳ ነው የተሰፋው፤ ነገሩ ፈጽሞ አይገናኝም። ፈላስፋው ዳግመኛ አልታየም።

10ኛው የታሪክ መምህር ናቸው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው ሲያዩት እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1916 ማለት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ የሰገሌ ጦርነት ቀን። ኑቢያን ጎህ ሳይቀድ በዶቨር ወሽመጥ አፍንጫዋን ባጣችበት ዓርብ፣ የንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ጦር ሰገሌ ላይ ተጨፋጭፎ ንጉሡ ተማረኩ። ሌላም አከሉ፤ ዙሉ የተመታችውም በዚያው ጥቅምት 29 ቀን፣ ዙቢያን ያለቀችውም ግንቦት 30 ቀን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ዓመት የነካው ነገር በእኛ አቆጣጠር 1909 ላይ ተጀምሮ 1909 ላይ አልቋል። እኔ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ምን እንደሚያመጣ አላሰብኩም ነበር።

11ኛው፣ 12ኛውና 13ኛው ምላሽ ልጅ ኢያሱን ይመለከታሉ። አንዱ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (አዲስ አበባ የነበሩት የመንግሥታቱ መልእክተኞች) ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን አዘነበሉ ብለው ተቃውሞ ማቅረባቸውን አንሥቶ፣ ዶቨር የተዋጋው መንግሥትና አዲስ አበባ ላይ ያሴረው መንግሥት አንድ መሆኑን ጻፈ። እውነትነት አለው፤ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ መልካም ነበር። ሁለተኛው ተረት ነው አለው። ሦስተኛው የሁለቱንም አያቶች ወደ ውይይቱ ጎተተ። 14ኛው ከመድረኩ አስተባባሪ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስለ ሰገሌ የሚነጋገር ሌላ ክር እንዲከፍት፣ የሰው ዘር የሚቆጥር ደግሞ እንደሚታገድ በአጭሩ አስታወቀ።

ክሩን ወደ ባሕር የመለሱት 15ኛው ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምጽዋ ላይ ከኖርዌይ መኮንኖች የተማሩ አዛውንት ባሕረኛ እንደሆኑ ራሳቸውን አስተዋወቁ። ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ አነሡ፦ ግማሽ መርከብ ለምን አይሰጥምም? መርከብ ውስጥ ከጎን እስከ ጎን የሚዘልቁ ውኃ የማያሳልፉ ግድግዳዎች አሉ፤ በሮቻቸው በጊዜ ከተዘጉ ፊቱ ቢገነጠል እንኳ ቀጣዩ ግድግዳ አዲስ አፍንጫ ይሆናል። እሳቸው በሠልጣኝነታቸው እነዚህን በሮች በጨለማ እየዳሰሱ እንዲዘጉ ይታዘዙ ነበር፤ አሥራ ስድስት መቆለፊያ በደቂቃ ውስጥ። አንድ ጓደኛቸው ጣቱ ተቀርቅሮ ጮኾ፣ አሠልጣኙ በሩን ከመክፈት ይልቅ የቀሩትን መቆለፊያዎች እስኪጨርሱ እንዳስጠበቃቸው አልረሱም። ኑቢያን ከተመታች በኋላ ስትጎተት ገመዱ በማዕበል ተበጥሶ ሳውዝ ፎርላንድ ከተባለው የነጭ ገደል ግርጌ ከአሸዋ ተላትማለች፤ ያን ሁሉ ችሎ የተረፈው ኋላዋ እነዚያን ግድግዳዎች እንደሚያመሰግን አልተጠራጠሩም።

ስለ ሌሊቱ ውጊያም ጥቂት ሰጡን። 23 የጀርመን ቶርፔዶ መርከቦች ከቤልጂየም ጠረፍ ተነሥተው ወሽመጡን በመረብ የሚጠብቁትን የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች ወረሩ። በጀልባዎቹ ላይ የነበሩት ለጦርነት የተመለመሉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ስድስት ጀልባ፣ ፍለርት የተባለች አሮጌ ዲስትሮየርና አንድ ባዶ ማመላለሻ መርከብ ሰጠሙ። ከዶቨር ወደብ የወጡት ዲስትሮየሮች ተሰብስበው በመውጣት ፋንታ በጥድፊያ ተበታትነው ወጡ፤ ኑቢያን ብቻዋን ከጀርመኖቹ መካከል ገባች። አዛውንቱ በዚህ ላይ ፍርዳቸውን አልደበቁም፦ የጀግንነት ጉድለት አልነበረም፤ መርከብን አንድ በአንድ ወደ ጨለማ መላክ ግን ጥይትን አንድ በአንድ ወርውሮ እንደመጨረስ ነው።

16ኛው ምላሽ አስቀያሚ ነው። አዛውንቱን አንተ እያለ፣ ወደብ የሌለው አገር ሰው ስለ እንግሊዝ ስብርባሪ ብረት ሲጨነቅ ማየት እንደሚያሳፍረው ጻፈ። ለ17ኛው ምላሽ የለንደኗ እኅት ፈጠነች። ጋሼን አንቱ እንዲልና ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገረችው፤ በመርከብ ለመወያየት ወደብ የሚያስፈልግ ከሆነ እሱም ስለ አውሮፓ እግር ኳስ በየሌሊቱ የሚጽፈውን እንዲያቆም መከረችው። ልጁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጽሑፉን ግን አጠፋው። አዛውንቱ ምንም አላሉም። እኔ ግን 16ኛው ቁጥር ባዶውን ተንጠልጥሎ ሳየው ዛሬም እናደዳለሁ።

18ኛው ምላሽ በቀጥታ ወደ እኔ የተወረወረ ነው። ጸሐፊው የሰርጓጅ መርከቦችን ታሪክ የሚከታተል ይመስላል፤ ሰላምታ የለውም። ስለ ዩሲ 50 የጻፍኩት ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን የእንግሊዞች መዝገብ ዓይኔን ጨፍኜ መድገሜ እንደሆነ አስታወቀኝ። ዙቢያን እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1918 ሰርጓጅ መርከብ ማጥቃቷ እውነት ነው፤ ባሕር ኃይሉም ያሰጠመቻት ዩሲ 50ን ነው ብሎ መዘገበላት። በኋላ የጀርመንን መዝገብ ከእንግሊዙ ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ግን ዩሲ 50 የተላከችው ወደ ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ መሆኑን አሳይተዋል፤ በዙቢያን የተጠቃችው ሌላ ናት፣ አምልጣም ሄዳለች። ሰው ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት ሁለተኛ መጽሐፍ መግለጥ እንዳለበት መክሮኝ ወጣ።

ተናደድኩ። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። 19ኛው ምላሽ የእኔ ነው፤ ልክ መሆኑን ተቀበልኩ። ያን ዘመን በባሕር ላይ ድል እንዴት ይቆጠር እንደነበር ግን ለማስረዳት ሞከርኩ። ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሚፈነዳ ቦምብ ጥለህ ዘይት ሲንሳፈፍ ታያለህ፤ በዚያ ሰሞን አንዲት የጠላት ሰርጓጅ ሳትመለስ ትቀራለች፤ ሁለቱን ታገናኛለህ። ከዚያው ቤተሰብ ጉርካና ማኦሪ መጋቢት 4 ቀን 1915 ዩ 8 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ ሲያሰጥሙ ሠራተኞቿ በሙሉ ወጥተው ስለተማረኩ ክርክር አልተነሣም። ዙቢያን ምርኮኛም አላገኘች። ሙያዋን በዚያ አንድ ቀን መመዘንም አይገባም፤ በሚያዝያ 1918 ጀርመኖች በያዟቸው የቤልጂየም ወደቦች በዜብሩጌና ኦስቴንድ ላይ በተደረገው ጥቃት ከደጋፊዎቹ ዲስትሮየሮች መካከል ነበረች፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም ስፌቷ አልተተረተረም። ኀዘኑ ለማኦሪና ለጉርካ ነው፤ ሁለቱም በየተራ ፈንጂ ረግጠው ቀርተዋል።

20ኛው የኒውካስሉ ሰው ነው፤ ነገሩን የበለጠ አወሳሰበው። ዙቢያን ከተሸጠች በኋላ ስሟ ለሌላ መርከብ አልተሰጠም። ዙሉና ኑቢያን የሚሉት ስሞች ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ለተሠሩ ሁለት አዳዲስ ዲስትሮየሮች ተሰጡ። አዲሷ ዙሉ በ1942 ቶብሩክ አጠገብ ሰጠመች። አዲሷ ኑቢያን ደግሞ በግንቦት 1941 ቀርጤስ አጠገብ በአውሮፕላን ቦምብ ተመትታ ኋላዋ ተቆረጠ፤ ቦምቤይ ድረስ ሄዳ አዲስ ኋላ ተሠርቶላት ከጦርነቱ በሕይወት ወጣች። የፊተኛዋ ኑቢያን ፊቷን፣ የኋለኛዋ ኋላዋን አጣች። ስለ ሊብሬው ሲደመድም ባሕር ኃይሉ ራሱ መልሶታል አለ፤ ስሞቹን ነጻ አድርጎ ለሌላ የሰጠው ሁለቱንም እንደሞቱ ስለቆጠረ ነው፤ ዙቢያን በራሷ ስም የተመዘገበች አዲስ መርከብ ናት። አሳማኝ ነው። እኔ ግን ማሽኑም ዘንጉም የኑቢያን ሆኖ ሳለ ልቤ አሁንም ወደ ኑቢያን ያደላል።

21ኛውና የመጨረሻው የጋራዡ ባለቤት ነው። የዙቢያንን ፎቶግራፍ በስልኩ ይዞ አብሮት ለሚሠራው አረጋዊ ላሜራ ቀጥቃጭ አሳየ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ከአፍንጫዋ ጀምረው መጋጠሚያውን በጣታቸው ፈለጉ፤ አላገኙትም። ስለ ሊብሬው ሲነግራቸው አልሰሙትም መሰል ዝም አሉ። የጠየቁት ሌላ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ማን ይዟት እንደወጣና በስንት ኖት እንደነዳት። ክሩ እዚያ ላይ ቆሟል፤ እስካሁን የመለሰ የለም።